ቅቤ ይዞ የተወለደው ሰንጋ

ባልቻ በወልቂጤ ከተማ የብረት በር በያጅ ነው። በያጅ ብቻ ብሎ ማለፍ ግን ግፍ ይሆናል፤ ከጉብሬ መውጫ ጀምሮ እስከ ጅማ መንገድ ድረስ ከቆመው በር ሁሉ ግማሹን የሠራው እሱ ነው፣ ግማሹን ደግሞ ሌላ ሰው አበላሽቶት ያስተካከለው እሱ ነው። አንዱን በር ሌባ ሦስት ቀን ሙሉ ታግሎት ሲያቅተው፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት አንኳክቶ "ይቅርታ፣ ይኼን የሠራው ማን ነው? ለቤቴ ፈልጌ ነው" ብሏል ይባላል። ይህን የሚለው ባልቻ ራሱ ነው። የሚያስተባብለው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ባልቻ ሲያወራ ለማስተባበል የሚበቃ ትንፋሽ አይሰጥማ።

የጃፓንን ከብት ወደ ቸሃ ምድር ያስገባውም ይኸው ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከአምስት ዓመት በፊት፣ ሀብቴ የተሰበረ የሞተር ብስክሌቱን መቆሚያ ሊያስበይድ በመጣ ቀን ነው። ሀብቴ የጎጃም ልጅ ነው፤ በየሰፈሩ እየዞረ ላም የሚያዳቅል ባለሙያ። ከሞተሩ ኋላ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ነጭ ብርድ የሚተፋ ጋን መሳይ ዕቃ ተጭኗል። በዕቃው ውስጥ የበረደ የኮርማ ዘር የያዙ፣ ከስንደዶ የቀጠኑ ቀሰሞች አሉ፤ በየቀሰሙ ውስጥ አንዳንድ ኮርማ ታጥፎ ተኝቷል።

"ጋሼ ባልቻ፣ ዛሬ ምን እንደያዝኩ ብታውቅ ብየዳውን በነፃ ትሠራልኝ ነበር" አለ ሀብቴ።

"አውቄም አልሠራልህ። ምን ያዝክ?"

"ዋግዩ የሚባል የጃፓን ዘር። ጮማው እንደኛ በሬ ከላይ አይደለም፤ ከሥጋው ውስጥ ነው። ቀዩ ላይ ነጩ ጤፍ እንደተዘራበት ሆኖ ተበትኗል።" ሀብቴ ይህን ሲል ምራቁን ዋጠ። የጎጃም ሰው ስለ ጮማ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀራል።

ባልቻ ምራቁን አልዋጠም። ጉራጌ ነውና፣ ለእሱ ሥጋ ማለት ቀይ ነው፤ ስብ ማለት ተለቅሞ የሚጣል ነገር ነው። ቆም ያደረገው ሀብቴ ቀጥሎ ያለው ቃል ነው።

"በዓለም ላይ ከዚህ በላይ የሚከበር ሥጋ የለም።"

ባልቻ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። "በዓለም?"

"በዓለም።"

"እና በአገሬ በእምድብር ያለው ማን ነው?"

"ማንም የለውም።"

"አለቀ" አለ ባልቻ። "ላሜን አምጥቼልሃለሁ።"

ሀብቴ ግን ታማኝ ሰው ነው፤ ሸክሙንም አልደበቀም። "ቆይ እንጂ። መልካሙን ልንገርህ፦ ጥጃው ሲወለድ ትንሽ ነው፣ ላሚቱን አያስጨንቃትም። ጠባዩ የዋህ ነው፣ ወግቶ ሰው አይጥልም። ክፉውን ደግሞ ስማ፦ ቶሎ አይደርስም። የአጎትህ ልጅ ግሩም ከቦረና የሚያመጣው በሬ በሦስት ወር ይደልባል፤ ይሄ ሦስት ዓመት ከግርግም አይነሳም። መዥገርና ሙቀት ላይ እንደኛ ከብት ጠንካራ አይደለም። ሥጋውን አውቆ የሚገዛህ ልኳንዳም እዚህ የለም።"

የባልቻ ባለቤት መሰለች ከወርክሾፑ ጥግ የቀለም ብሩሽ እያጠበች ስትሰማ ቆይታ ቀና አለች። "ሦስት ዓመት የሚመግበው ማን ነው?"

"እኔ ነኛ!" አለ ባልቻ ደረቱን እየመታ።

"እንግዲያው እኔ ነኝ" አለችና ወደ ብሩሿ ተመለሰች።

ጥጃው በመጋቢት ተወለደ። ላሚቱ ያማጠችው ሰው አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ እስኪጨርስ ነው፤ ባልቻ ግን ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም ነበር ይላል። ጥቁር፣ አጭር፣ እንደ ዳኛ ቀስ ብሎ የሚያይ ጥጃ ነው። ባልቻ ስሙን "አምባሳደር" አለው።

አምባሳደር ያደገበት መንገድ ለማንም ልጅ ያልተደረገ ነው። የእንሰት ቅጠል፣ ፉሩሽካ፣ ፋጉሎ፣ የበቆሎ ቂጣ ሳይቀር ቀረበለት። ባልቻ ጃፓኖች ለከብታቸው ቢራ ያጠጣሉ ሲባል በመስማቱ ቢራ መግዛት አማረው፤ ችግሩ እሱ የወንጌል አማኝ ነው፣ ደጁ ላይ የቢራ ሳጥን ቢታይ እሑድ በየት በኩል ቤተ ክርስቲያን ይገባል? የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ሄዶ በትሕትና ጠየቀ፦ "በሬ ቢጠጣ፣ ኃጢአቱ የበሬው ነው የባለቤቱ?" ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አሰቡና "ባለቤቱ ሲያጠጣ ካልቀመሰ ይጸለይበታል" አሉት። ባልቻ ግን ይህን ያህል ጸሎት ለበሬ ማባከን ከብዶት፣ በጎረቤት ጠላ ቤት አተላ ተስማማ። ጠዋት ጠዋት በኬሻ ጀርባውን እያሸ መዝሙር ያሰማዋል። አምባሳደር መዝሙሩን ይወዳል፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ጭራውን ያቆማል።

አተላውን የምትሸከመው፣ ፉሩሽካውን የምትለካው፣ መዥገሩን በእጇ አንድ በአንድ የምትለቅመው ግን መሰለች ናት። አንድ በጋ አምባሳደርን ትኩሳት ይዞት ሊወድቅ ሲል ሁለት ቀን ሙሉ እርጥብ ጨርቅ ጀርባው ላይ እያለበሰች ያተረፈችውም እሷ ናት። በእነዚያ ሁለት ቀናት ባልቻ ቡታጅራ ሄዶ ስለ አምባሳደር ጤንነት ለሰዎች ሲያስረዳ ነበር።

አራተኛው ዓመት ላይ ሲደርስ በሬው የበረቱን በር ሞላው። ባልቻ በሩን ሁለቴ አሰፋ፤ እንዲያውም በሬው ሲተነፍስ የጎረቤት ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል ብሎ አስወራ።

አሁን ቁም ነገሩ ይመጣል። የባልቻ ዘመዶች አሥራ ሁለት ቤት ናቸው። በመስቀል ጊዜ ከመርካቶም ከሐዋሳም ከቡታጅራም ተጠራርተው እምድብር አጠገብ ያለው የአያቶቻቸው ቤት ይገባሉ፤ አንድ ሰንጋ ያርዳሉ፤ ሰንጋውን በየተራ አንዱ ቤት ያቀርባል። ባልቻ ጴንጤ ነው፤ ለመስቀል አገር ቤት የማይገባ ጉራጌ ግን ገና አልተወለደም፣ ከተወለደም እናቱ አታወራም። የዘንድሮው ተራ የባልቻ ነበር።

በነሐሴ ዘመዱ በአያቶቹ ቤት ተሰብስቦ ሲመካከር፣ ባልቻ ተነስቶ "የዘንድሮው ሰንጋ አምባሳደር ነው" አለ።

የአጎቱ ልጅ ግሩም ሳቀ። ግሩም በቡታጅራ የታወቀ የሰንጋ ነጋዴ ነው፤ ከብት በዓይኑ አይቶ ጉበቱ ስንት ኪሎ እንደሆነ የሚናገር ሰው። "ወንድሜ ባልቻ፣ ክትፎ ልታበላን ነው ወይስ ሻማ ልታበራልን? ስብ ያለበት ሥጋ ለክትፎ ይሆናል ብሎ የነገረህ ማን ነው? በየቢላዋው ጫፍ ጅማትና ሞራ ስንለቅም ነው ያደግነው።"

"ዓለም የሚያከብረውን…"

"ዓለም ክትፎ ያውቃል? እኔ ከቦረና የማመጣው በሬ ሣር በልቶ፣ ፀሐይ ችሎ፣ በሦስት ወር ጎኑ ይሞላል፤ ሥጋው እንደ ጽጌረዳ ቀይ ነው። ያንተው አራት ዓመት በላ! የበላው መኖ ቢደረደር ከዚህ ወልቂጤ ይደርሳል። እሺ በላ እንበል፤ ሥጋው ባያምርስ? በእርዱ ቀን ሌላ ሰንጋ ከየት ይመጣል?"

ጥያቄው እውነት ነበር። ዘመድ ሁሉ አብሮ የሚበላው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽማግሌው አባባ ዘርጋ ዘጠና አልፈዋል፤ የዚያን ቀን እንኳ "ይሄኛውን መስቀል ከበላሁ ይበቃኛል" ብለዋል። በእሳቸው መጨረሻ ክትፎ ላይ ማን ይቀልዳል?

ባልቻ መቀመጥ ይችል ነበር። ዝም ማለትም ይችል ነበር፤ ይህን ግን ተምሮት አያውቅም። "ሥጋው ካሳፈረን" አለ እጁን አንስቶ፣ "ከመጪው መስቀል ጀምሮ የሰንጋውን ጨጓራና አንጀት የማጥበው እኔ ነኝ! ዕድሜ ልኬን! ተራዬንም ለግሩም ሰጥቻለሁ!"

"ሁላችሁም ሰምታችኋል?" አለ ግሩም።

"ሰምተናል" አለ ቤቱ። አባባ ዘርጋ ከምሰሶው ሥር "እግዜርም ሰምቷል" አሉ።

ወደ ወልቂጤ ሲመለሱ መሰለች በሚኒባሱ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። "ቀምሰኸው ታውቃለህ?"

"ምኑን?"

"የዋግዩን ሥጋ።"

ባልቻ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ጣዕሙን አውቃለሁ" አለ።

የእርዱ ጠዋት ደረሰ። አምባሳደር ከአይሱዙ ሲወርድ መንደሩ ሁሉ ወጣ፤ ውሾች እንኳ መንገድ ለቀቁ። አባባ ዘርጋ መረቁት፣ ወንዶቹ ጣሉት፣ ቆዳው ተገፈፈ፣ የመጀመሪያው ታፋ ተከፈተ።

ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ከበበ።

ሥጋው ቀይ ነው፤ በቀዩ መሐል ግን ነጭ እንደ ሸረሪት ድር እየቀጠነ፣ እየተጠላለፈ፣ እየተበተነ ገብቷል። ከላይ ቢቆርጡት ነጭ፣ ከታች ቢቆርጡት ነጭ።

"ይሄ ሥጋ ነው ግድግዳ?" አለ ግሩም። "ኖራ ተረጭቶበታል እኮ!"

"ኮሶ ነው!" አለ አንዱ የመርካቶ ዘመድ ወደ ኋላ እያፈገፈገ። ሥጋ በጥሬው በሚበላበት አገር ይህ ቃል ቀልድ አይደለም። ሴቶቹ ከጓዳ ብቅ አሉ፣ ልጆች ተጎተቱ።

 ደግነቱ ባልቻ ሀብቴን ጋብዞት ነበር። ሀብቴ ጎንበስ ብሎ ቁራጭ ሥጋ አነሳ፣ በጣቶቹ መሐል ጥቂት አሸው፣ ከዚያ እጁን ወደ አባባ ዘርጋ አቀረበ። ነጩ ቀልጦ ጣቱ ላይ ያብረቀርቃል።

"አባባ፣ የኮሶ ፍሬ ድቡልቡል ነው፣ እንዲህ በጣት አይቀልጥም። ይሄ ስብ ነው። ጤነኛ ነው፤ ራሴ ልብላላችሁ" አለና ጉርሻ የሚያህለውን ወደ አፉ ላከው። ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍት "ሌላ ቁረጡልኝ" አለ።

"ጎጃሜማ ጮማ ካየ ድንጋይም ይበላል" አለ ግሩም። "ጥያቄው እሱ አይደለም። ጥያቄው ይሄ ክትፎ ይሆናል ወይ ነው።"

አባባ ዘርጋ በትራቸውን ወደ ጓዳ አቅንተው "የክትፎ ፍርድ የወንድ አይደለም" አሉ። ሥጋው ለሴቶቹ ተሰጠ።

የጓዳው አለቃ እትዬ ሙሉመቤት ናቸው። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ቅቤ እያዋጡ ለመስቀል የሚያጠራቅሙበትን ማኅበር፣ ውጆ የሚባለውን፣ ሠላሳ ዓመት የመሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ያነጠሩት ቅቤ ሽታው ሲነሳ ከእምድብር ሚሲዮን መነኩሴ ጾሙን አቋርጦ ይመጣል ይባላል፤ እርግጥ ይህ ከባልቻ አፍ የወጣ ነው፣ እትዬ ሙሉመቤት ግን ክደውት አያውቁም። ሥጋውን አገላብጠው አዩና "ልቀሙት" አሉ።

አሥራ ሁለት ሴቶች ቢላዋቸውን አሾሉና ተቀመጡ። ክትፎ የሚሠራ ሰው ከሕፃንነቱ የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው፦ ነጭ ያየህበትን ቆርጠህ ጣል። ለቀሙ። አንድ ሰዓት ለቀሙ። ነጩን በአንድ ገበቴ፣ ቀዩን በሌላ። ነጩ ግን አያልቅም፤ ክሩን ሲመዙት ሌላ ክር ተከትሎ ይመጣል። የነጩ ገበቴ ሞልቶ ሌላ ገበቴ ተጠራ። የቀዩ ገበቴ ግን ታቹ ገና አልተሸፈነም። ሀብቴ በጓዳው በር እያለፈ የነጩን ገበቴ ሲያይ "ይሄን ነው የምትጥሉት? ለኔ ስጡኝ፣ በእናታችሁ!" ብሎ ጮኸ፤ በጭልፋ አባረሩት።

ከሰዓት በኋላ ሲቃረብ ወሬው ደጅ ደረሰ፦ ያን ሁሉ በሬ አርደን ክትፎው ለአንድ ሠርግ ሙሽሪትና ሙሽራ ብቻ ነው የሚበቃው። ግሩም ከውኃው በርሜል አጠገብ የአንጀት ማጠቢያ ገበቴ አነሳና በባልቻ እግር ሥር በዝግታ አስቀመጠለት።

ባልቻ ገበቴውን አየ። በውስጡ አራት ዓመቱን ሁሉ ያየ መሰለው። አባባ ዘርጋን አየ፤ ሽማግሌው ምሰሶ ተደግፈው፣ የቀንድ ማንኪያቸውን በነጠላቸው እየወለወሉ ይጠብቃሉ።  ተነሳና ወንድ በእርድ ቀን የማይረግጠውን ጓዳ ረገጠ።

አሥራ ሁለት ቢላዋ ባንዴ ቆመ።

"ምን ፈለግህ?" አሉ እትዬ ሙሉመቤት።

"እትዬ፣ አትልቀሙት።"

"ክትፎ እንዴት እንደሚሠራ ልታስተምረኝ ነው?"

"አይደለም።" ባልቻ አፉን ሲከፍት ስለ ጃፓን ሊያወራ ነበር፤ ስለ ዓለም፣ ስለ ክብር። መሰለች በቢላዋዋ ላይ እጇን አሳርፋ ታየዋለች። አራት ዓመት አተላ የተሸከመው ትከሻዋ ከቀኙ ይልቅ ግራው ዝቅ ብሏል። "እትዬ፣ እኔ ይሄን ሥጋ ቀምሼው አላውቅም። ምን እንደሚጥም አላውቅም። ክትፎ ይሁን አይሁንም አላውቅም። ያወራሁት ሁሉ ሌላ ሰው የነገረኝን ነው። የማውቀው መሰለች አራት ዓመት ይሄን በሬ እንደ ልጅ ማሳደጓን ብቻ ነው። ለቅማችሁ ብትጥሉት የሚጣለው የሷ እጅ ነው። አንድ ጣባ ብቻ ሳትለቅሙ ሞክሩት። ካልሆነ ገበቴው በሩ ላይ ነው፣ አጥባለሁ።"

ባልቻ "አላውቅም" ሲል የሰማ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። የአንዷ ሴት ቢላዋ ከእጇ ወደቀ። እትዬ ሙሉመቤት ካልተለቀመው ታፋ አንድ ቁራጭ ሳቡና መክተፊያው ላይ አሳረፉ።

የእትዬ ሙሉመቤት ቢላዋ ሲከትፍ እንደ ዝናብ ነው። ሥጋው ደቀቀ፣ ነጩ በቀዩ ውስጥ ጠፋ። ጣባው ሞቅ ብሎ መጣ። ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ትንሽ ኮረሪማ። ከዚያ ወደ ቅቤው ማሰሮ እጃቸው ሄደ፤ እንደ ወትሮው ጭልፋውን ሞልተው ሊያፈሱ ሲሉ ቆሙ። ሥጋው ከጣባው ሙቀት የተነሳ ራሱ ማብረቅረቅ ጀምሯል፤ ቅቤ ሳይነካው ወዝቷል።

"ኧረ!" አሉ ቀስ ብለው። ጭልፋውን መለሱና በማንኪያ ጫፍ ጠብ አደረጉበት። አሹት። ቀመሱ።

ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ተከትለው አላመጡ። እትዬ ሙሉመቤት ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ቆዩ፣ ከመቆየታቸው የተነሳ ባልቻ ዕድሜው ሲሄድ ተሰማው።

"መሰለች" አሉ።

"አቤት እትዬ።"

"ይህን በሬ የመገብሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"እጅሽ ይባረክ።" ዞረው ሴቶቹን አዩ። "ምን ታያላችሁ? መልቀሙን አቁሙ! የለቀማችሁትን መልሳችሁ ክተፉት! ከወትሮው ቅቤ አንድ አሥረኛ ብቻ፤ ከዚያ ያለፈች በእኔ ሬሳ ትለፍ! ሚጥሚጣ ጨምሩ፣ ወዙ ይችለዋል!" ከዚያ ባልቻን አዩት። "አንተ ደግሞ ውጣ፣ ጓዳ ውስጥ ምን ታደርጋለህ?"

ባልቻ ወጣ። እግሩ መሬት አልነካም፤ ይህ እንኳ ማጋነን አይደለም፣ ያየ አለ።

ክትፎው ከቆጮና ከአይቡ ጋር ሲቀርብ የመጀመሪያው ጣባ ለአባባ ዘርጋ ሄደ። ሽማግሌው በቀንድ ማንኪያቸው ትንሽ ዘገኑ፣ ጎረሱ፣ ዋጡ። ጥርስ የላቸውም። ሳያኝኩ ወርዶላቸዋል። እንደገና ዘገኑ።  ሦስተኛ ዘገኑ። ጣባው ሲያልቅ ቀና ብለው "ማን ነው ይሄ የመጨረሻዬ ነው ያለው?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት፣ አባባ።"

"ተሳስቻለሁ። የከርሞውንም እበላለሁ።"

ቤቱ ፈነዳ! ዕልልታው ከጓዳ ተነስቶ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ግሩም በዚያ ጫጫታ መሐል አንድ ጣባ ጨረሰ፣ ሁለተኛ ጨረሰ፣ ሦስተኛው ላይ ላቡን ጠርጎ "እትዬ ሙሉመቤት፣ የዘንድሮው ቅቤዎ ልዩ ነው" አለ።

"ቅቤ የታል?" አሉ እትዬ ሙሉመቤት በኩራት። "ጠብ ነው ያደረግኩበት። ማሰሮዬ እንደሞላ ነው፤ ሴቶቹ ዛሬ ቅቤያቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ይገባሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ መስቀል አላየሁም።"

ግሩም ማንኪያውን አስቀመጠ። ነጋዴ ሽንፈቱን እንደ ዕቃ ነው የሚያየው፤ ገልብጦ ይመረምረዋል። "እሺ" አለ። "በጣዕሙ ረታኸኝ፣ ወንድሜ። የተናገርኩት ሌላው ግን አሁንም እውነት ነው። አራት ዓመት ብዙ ነው። መኖው ብዙ ነው። በበጋ ሊሞትብህ ነበር፣ ሰምቻለሁ። ለገበያ ከሆነ የኔው ቦረና ይበልጣል።"

"ልክ ነው" አለ ባልቻ፣ ራሱም በመስማማቱ ደንግጦ።

"ይሄ ለየቀኑ አይደለም" አሉ እትዬ ሙሉመቤት። "ሳምንቱን ሙሉ ይሄን የበላ ሰው ከመደቡ አይነሳም። ለመስቀል ነው። ለዓመት አንድ ቀን።"

"ለዓመት አንድ ቀን ከሆነ" አለ ግሩም ቀስ ብሎ ወደ ሀብቴ ዞሮ፣ "ለኔዋ ላምም አንዲት ቀሰም ትኖርሃለች?"

ሳቁ ዛፍ ላይ ያሉ ወፎችን አስነሳ። ወዲያው ሌላው ዘመድ "ለኔም!" አለ፣ ሌላው "ለኔም!" አለ፣ አሥራ ሁለቱም ቤት ላም ቆጠረ። ሀብቴ አፉ ሞልቶ ስለነበር በጣቱ እየቆጠረ ተስማማ።

መሰለች በጓዳው በር ላይ ቆማ እጇን እያደረቀች ነበር። "አንድ ነገር ልጨምር?" አለች።

"ተናገሪ" አሉ አባባ ዘርጋ።

"ላሙን የሚያስዳቅል ወንድ፣ አተላውን የሚሸከመው ራሱ ነው። መዥገሩን የሚለቅመው ራሱ ነው። ይሄ ሥጋ ስንት እንደሚያስከፍል የሚያውቀው የተሸከመው ብቻ ነው።"

ሴቶቹ ጭልፋቸውን በማሰሮው እየመቱ ደገፏት። አሥራ ሁለቱ ወንዶች ጣባቸውን ተመለከቱ፤ ቀጥለውም አንድ በአንድ "እሺ" አሉ። ባልቻም "እሺ" አለ፤ የእሱ "እሺ" ከሁሉም ጮክ ብላ ወጣች።

አባባ ዘርጋ በትራቸውን አንስተው ምሰሶው አጠገብ፣ የሽማግሌዎቹ መቀመጫ ላይ፣ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አስለቀቁ። ባልቻ ነጠላውን አስተካክሎ ሊቀመጥ ሲል በበትራቸው ደረቱን ገታ አደረጉት። "መጀመሪያ እሷ" አሉ።

መሰለች ተቀመጠች። ሴት በዚያ ቦታ ስትቀመጥ ያየ በቤቱ ውስጥ አንድም አልነበረም። ባልቻ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ደረቱ ከአምባሳደር ደረት በልጦ ነበር።

"እስቲ አሁን ንገሩን" አሉ አባባ ዘርጋ። "ይሄ ሰንጋ እንዴት አደገ?"

ባልቻ አየር ሳበ። ቤቱ ሁሉ ለጃፓን ተዘጋጀ። እሱ ግን እጁን በሚስቱ ግራ ትከሻ ላይ አሳረፈና "እሷን ጠይቋት" አለ። ይህን ብሎ ዝም አለ፤ ዝምታውም፣ ሰዓት የያዙ ሰዎች እንደሚመሰክሩት፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቆየ።